የአልቃሻው ግድግዳ አጥንት

ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድሜ ለጠጠር፣

ሰላምታ የማስቀድመው እናታችን እንዲያ ስላስተማረችን ነው እንጂ እጄስ ወደ አጥንቱ እየሮጠብኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ያንተን ጤና፣ የሚስትህን ጤና፣ የአባባን ጤና በየተራ እንደጠየቅኩ ቁጠርልኝና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

አይ፣ የላም አጥንት አይደለም። አይ፣ ለዚህ ብለህ የድንጋይ መቁረጫውን ማሽን ማስቆምህ ስህተት አልነበረም። ሦስተኛውን ጥያቄህን፣ «ወይስ ሞኝ ሆኜ ነው?» ያልከውን፣ ጊዜ ሲኖረኝ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ሦስቱም ፎቶግራፎች ደርሰውኛል። በመጀመሪያው ላይ ያለው ያንተ አውራ ጣት ነው። በሁለተኛው ላይ አጥንቱ አለ፣ ግን አንዳችሁ ተነቃንቃችኋል። ሦስተኛውን ያየሁት ቆሜ ነበር፤ አይቼው ስጨርስ ተቀምጫለሁ፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከድንጋዩ ብቅ ያለው የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ነው፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈው። የሰው ይመስላል። በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ የተገኘ፣ የሰው የሚመስል አጥንት። እኔ በዚህ ቤተ መዘክር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች ያገኙትን አጥንት ስመዘግብ፣ ቁጥር ስጽፍበትና አቧራውን ስጠርግለት ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለውን አንድም ቀን አልመዘገብኩም።

ስለዚህ የምልህን ብቻ አድርግ። አትጠበው፣ አትፋቀው፣ ሠራተኞችህም የሻይ ማንቆርቆሪያ እንዳያስቀምጡበት። ከዚያ ላሰው። እየቀለድኩ አይደለም። ድንጋይ ከሆነ ምላስህ ተንሸራትቶ ያልፈዋል፤ አጥንት ከሆነ ቀዳዳዎቹ ምራቅህን ስለሚስቡት ምላስህ ይጣበቅበታል። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ለአባባ እንዳትነግራቸው።

ሁለት ነገር ጻፍልኝ። ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ምን ያህል ይጠነክራል? አጥንቱስ ድንጋዩ መሐል ነው ወይስ በስንጥቅ ሾልኮ የገባ ነው? ሁሉም ነገር በዚህ ላይ የቆመ ነው። ስንጥቅ ከሌለ አጥንቱ የድንጋዩ እኩያ ነው ማለት ነው፤ የናንተ አገር ድንጋይ ደግሞ በጣም አሮጌ ነው።

ለአባባ የእንጨት እግር ማሰሪያ ያልከኝን ቆዳ በጭነት መኪናው ነጂ እጅ ልኬያለሁ። ማሰሪያው ጭናቸውን እንዳይፍቃቸው ለስላሳውን ጎን ወደ ውስጥ አድርገው።

እህትህ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለእትዬ፣

ሁላችንም ደህና ነን፤ ከምላሴ በቀር።

ላስኩት። ስድሳ ሁለት ሠራተኛ ቆሞ እያየኝ ላስኩት። ምክንያቱን ላስረዳቸው ብል «እህቴ አዝዛኝ ነው» ማለት ሊኖርብኝ ነው፣ ያ ደግሞ ከመላሱ ይብሳል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ላስኩት። ተጣበቀ፣ እትዬ። ለማላቀቅ ጎተት ማድረግ ነበረብኝ። አንዱ ጠራቢ፣ ቀልደኛው የምንለው፣ «አለቃ፣ ለምሳ እኮ ሩብ ሰዓት ነው የቀረው፤ ትንሽ ቢታገሡ ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በድንጋይ ካባው ውስጥ ባለፍኩበት ሁሉ «አለቃ፣ ጨው ላምጣ?» ይሉኛል። አንቺ ግን ደህና ነሽ አይደል?

ለጥያቄሽ መልስ። አጥንቱ የወጣው ከአልቃሻው ግድግዳ ግርጌ ነው። አልቃሻውን ታስታውሽው ይሆናል፤ ልጆች ሳለን ከኮረብታው ላይ ሆነን ቁልቁል የምናየው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያንጠባጥበው፣ አዲስ ገቢ ሠራተኞች ኮፍያቸውን የሚያስቀምጡበት። ማሽኑ አንድ ትልቅ ጥርብ ቆርጦ ሲያወጣ ጫፉ ብቅ አለ። ስንጥቅ የለም፤ በፋኖስ ፈልጌያለሁ። ጥንካሬውን ደግሞ በመሮ ሞክሬዋለሁ፤ መሮው ተጣመመ።

ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው ለአባባ አነበብኩላቸው፣ እንዳትነግራቸው ያልሽውንም ጭምር፤ ተጀምሮ አይቆምማ። ሳቁ። ከዚያ «እስቲ አምጣው» አሉ። ዙሪያውን ጠርበን አሳንሰን፣ በጆንያ ጠቅልለን፣ ከቀልደኛው ጋር ተሸክመን ቤት ወሰድንላቸው። ጭኔ ላይ አስቀምጡልኝ አሉ። ይከብዳል አልናቸው፤ አስቀምጡ ተባልን፣ አስቀመጥን። በአውራ ጣታቸው ጉልበቱን ቀስ እያደረጉ ዳሰሱት። አንቺ ድመት ስትዳስሺ እንዲያ ነው።

«ግራ ነው ቀኝ?» አሉኝ።

«እሱን እትዬ ናት የምታውቀው።»

«አዎ። እሷ ታውቃለች» አሉና የመሮ መሳያ ድንጋያቸውን ይዘው ወጡ። ምሳቸውን አልበሉም። ብርዱ ይሆናል። ቆዳው ተስማምቷቸዋል፣ ተባረኪ ብለውሻል።

አጥንቱን ነጂው ይዞልሽ መጥቷል። እቀፈው ብዬዋለሁ፤ ማቀፉን ግን እንጃ።

ጠጠር


ጥቅምት 30

ወንድሜ፣

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ላስቀድም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ። እስከዚያ ድረስ ውደደኝ።

ነጂው አጥንቱን አቅፎት ነው የደረሰው። የራጅ መሣሪያችን ከተበላሸ ሁለት ዓመት ስለሞላው የድንጋዩን ውስጥ ማየት አልቻልኩም፤ ከድንጋዩ የወጣውን የጉልበት ጫፍ ግን ስምንት ቀን ሙሉ ለካሁት። ያየሁትን ልንገርህ፤ ለአባባም አንብብላቸው፣ ሳይንስ ማለት መላስ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ባለቤቱ ወንድ ይመስለኛል። ዕድሜው ከሃያ ሁለት አያንስም፣ ከሠላሳ አይበልጥም፤ የአጥንቱ እድገት አብቅቷል፣ መገጣጠሚያው ግን ገና አላለቀም። እግሩ ግራ ነው። አጥንቱ ከጉልበት ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ እንዲህ የሚያጋድለው ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ በሚሄድ ብቻ ነው። ከጉልበቱ በስተኋላ ጡንቻ የተያያዘበት ቦታ እንደ ገመድ ጎልቷል። ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ነበር። ይህ ሰው ቁጭ ብሎ አልኖረም፣ ጠጠር። እርምጃው ረጅም ነበር፤ አብረውት የሚሄዱ ሰዎች «ቀስ በል እንጂ!» ሳይሉት አልቀሩም። ይህ የመጨረሻው ነገር ሪፖርቱ ላይ አይገባም፣ ላንተ ነው። መልኩን አላውቅም፣ አካሄዱን ግን አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ከኋላው ብሆን የምለየው ይመስለኛል።

ዕድሜውን በድንጋዩ ቆጥሬ መቶ ሺህ ዓመት ብያለሁ። በፊርማዬ ነው ያልኩት። ዳይሬክተራችን ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቆሞ ሲያነብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ታኅሣሥ 1 ለሚመረቀው አዲሱ አዳራሽ መሐል ላይ መስታወት ሳጥን አሠርቶለታል። የአዳራሹን ኃላፊነትም ለእኔ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል፤ ቃል ብቻ አይደለም፣ በር ላይ የሚለጠፈው ስሜ ተቀርጿል።

እንግዲህ ይቅርታው። ዳይሬክተሩ ለቅርስ ቢሮ ጽፏል። ቢሮው ካባው በሙሉ እንዲዘጋ አዟል። ይህ ደብዳቤ ከቢሮው ጠባቂዎች ቀድሞ እንዲደርስህ ነጂውን ለምኜዋለሁ፤ ነጂው ግን መንገድ ላይ አክስቱ ቤት ማደር እንደሚወድ ታውቃለህ።

እህትህ


ኅዳር 9

ይድረስ ለእትዬ፣

አክስቱ ቤት አደረ።

ጠባቂዎቹ ሰኞ ጠዋት መጡ። አንዱ ወረቀት ይዟል፣ አንዱ ቀይ ክር። ክሩን ካባው ዙሪያ ወጠሩት። መጸዳጃ ቤታችን ክሩ ውስጥ ቀረ። «በዚህ እንዴት እናድርግ?» አልኳቸው። «በጽሑፍ ያመልክቱ» አሉኝ። አመልክቻለሁ፤ መልሱን በትዕግሥት እየጠበቅን ነው፣ አንዳንዶቻችን በሩጫ።

ሳቅሽ? አሁን አትሳቂ። ስድሳ ሁለቱም የዕለት ሠራተኞች ናቸው። ሥራ በሌለበት ቀን የሚከፈላቸው የለም። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ክሩ ጋ ይቆማሉ፤ ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው። በፊት «አለቃ» ይሉኝ ነበር፣ አሁን «የአጥንቱ ወንድም» ነኝ። ቀልደኛው ትናንት መጥቶ «እህትህ የኔን ጉልበት አይታ ስንት ዓመት እንደምትሰጠኝ ጠይቅልኝ፤ ቤቴ ያሉት ከዚህ ወር አያልፍም እያሉኝ ነው» አለኝ። ሲናገር ፊቱ ላይ ቀልድ አላገኘሁበትም።

እስከ መቼ ነው የሚዘጋው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። አጥንትሽ እውነት ከሆነ ይሁን፣ እንችለዋለን። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ አንቺ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ቀን አላውቅም።

አባባ ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል። ስለ ሰውየው የጻፍሽውን በየቀኑ አንብብልኝ ይላሉ። በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቁጭ ብሎ አልኖረም» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ድገመው ማለታቸው ነው። «ቀስ በል እንጂ» የሚለው ጋ ስደርስ ይስቃሉ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ተቀምጠው የሌላ ሰው መሮ ሲስሉ የኖሩ ሰው ለምን በዚህ እንደሚደሰቱ አልገባኝም። ሥራ የፈታ ካባ ያናድዳቸዋል ብዬ ነበር የፈራሁት።

አንድ ጥያቄም ልከውልሻል፤ የሽማግሌ ነገር ነው፣ ይቅር ብላቸው አስማሉኝ። «ከጉልበቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ጎበጥ ያለበት ቦታ እንዳለ ታይልኝ» ብለዋል። ለምን አልኳቸው። «ዝም ብለህ ጻፍ» አሉ።

ጠጠር


ኅዳር 21

ጠጠር፣

ይህንን ቁጭ ብለህ አንብበው። ለአባባ አታንብብላቸው። ለማንም አታንብብ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ጠዋት ነው፣ ኪሴ ከተትኩት። ትናንት ድንጋዩ የሚፈለፈልበት ቀን ነበር። ድንጋዩን ከአጥንቱ የሚያላቅቅልን ሰው አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር፣ እኛ ዝምታ የምንለው። በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነው የሚሠራው። እኔ ከጎኑ ሆኜ ብናኙን በብሩሽ እጠርጋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሠራ። ከዚያ መሰርሰሪያው አጥንቱን ነካ አደረገው።

ፀጉር ሸተተኝ። የተቃጠለ ፀጉር።

ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። ሕያው የነበረ አጥንት ሲሞቅ እንደ ፀጉር፣ እንደ ጥፍር ይሸታል። መቶ ሺህ ዓመት የቆየ አጥንት አይሸትም፤ የሚሸት ነገር አልቀረውም። ይህንን አንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ራሴ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አስተምሬዋለሁ።

ዝምታ መሰርሰሪያውን አጠፋና ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። እኔ «ያንተ ፀጉር ነው?» አልኩት። ሰውየው ራሰ በራ ነው። መልሶ ተቀመጠና የላይኛውን ጫፍ ማጽዳት ጀመረ፤ በሪፖርቴ ላይ «በጥንት ዘመን የተሰበረ» ብዬ የጻፍኩትን፣ ድንጋይ ስለሸፈነው ሳላየው የጻፍኩትን። ሲገለጥ ስባሪ አይደለም። ለጥ ያለ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ። ላዩ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በማጉያ መነጽር ቆጠርኳቸው፤ ለምን እንደቆጠርኩ እንጃ፣ እጄ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የመጋዝ ጥርስ ነው። ጥሩ መጋዝ፣ የሐኪም መጋዝ።

«ተቆርጦ ነው» አለ ዝምታ።

ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ያለው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ፤ አውጥቼ አነበብኩት። ከጉልበቱ አራት ጣት። በውጭ በኩል። አራት ጣቴን አስቀመጥኩና ከላዩ ያለውን ድንጋይ አንሣልኝ አልኩት። አነሣው።

አለ፣ ጠጠር። ጎበጥ ብሏል። ተሰንጥቆ የዳነ ቦታ ነው።

እጄን ከላዩ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እግር ከተቆረጠ በኋላ የት እንደሚሄድ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ «አባባ፣ እግርዎ የት ሄደ?» ስላቸው «ጎረቤት ተውሶኝ ነው፣ ይመልሰዋል» ይሉኝ ነበር። ድንጋይ እንደወደቀባቸው ከሰው ነው የሰማነው። ከዚያ ወዲያ ስለ አጥንት ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ ይህን አንዱን አልጠየቅኩም።

ጠይቅልኝ። የግራ እግራቸው የት ነው ያለው? ምረቃው ሊደርስ አሥር ቀን ነው የቀረው።

እህትህ


ኅዳር 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ነጂው ዛሬውኑ እንዲመለስ አክስቱን ሰደብኩበት።

ጠየቅኳቸው። በር ላይ ተቀምጠው መሮ እየሳሉ ነበር። የሚስሉት መሮ የማን እንደሆነ እንጃ፤ የሚሠራበት ሰው የለም። «አባባ፣ ግራ እግርዎ የት ነው?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «እህትህ ጋ» አሉኝ። አጠገባቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ዘገየች» አሉ ደግሞ። «ጎባጣውን ከነገርኳት በኋላ እንኳ ዘገየች።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ካባው ውስጥ አንቺ በቅጡ የማታውቂው ልማድ አለ፤ ሴት ልጅ አትገባም ብለው ከኮረብታው አላስወርድ ብለውሻል። አዲስ የተቀጠረ ሰው አንድ የራሱን ነገር ከአልቃሻው ሥር ያስቀምጣል፣ ኮፍያ፣ ጫማ፣ ኩባያ። የሚያንጠባጥበው ውሃ ኖራ ያለበት ነው። በሁለት በሦስት ዓመት ድንጋይ ያለብሰዋል፣ እየቆየ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አንድ ያደርገዋል። ሰውየው ሥራ የሚለቅ ቀን ነቅሎ ይወስዳል። አባባ አደጋው የደረሰባቸው በተቀጠሩ በአራተኛው ቀን ነው። ገና ምንም አላስቀመጡም ነበር። እግራቸው ጤና ጣቢያ ሲቆረጥ ጓደኞቻቸው በመስኮት ተቀብለው፣ በሲሚንቶ ከረጢት አድርገው አመጡትና እዚያ አኖሩላቸው። «መመለስህ አይቀርም፣ ቦታህን ያዝንልህ» አሏቸው። ተመለሱ፤ መሮ የሚስሉ ሆነው። ሥራ ለቅቄያለሁ ብለው አያውቁም፣ ስለዚህ አልወሰዱትም። ጎባጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከግንብ ወድቀው ነው።

እኔ ግን እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ አይደለም። የኔ ኮፍያ እዚያው አለ፣ እትዬ። አጥንቱ ከተገኘበት ሁለት ክንድ ርቆ። ድንጋይ ሆኗል። ስምንት ዓመት ሙሉ በጠዋት በጠዋት አየዋለሁ። አንቺ ስለ ጥንካሬው ጠየቅሽኝ፣ ስለ ስንጥቁ ጠየቅሽኝ፣ ምላሴን አስወጣሽኝ፤ ስለ ውሃው አልጠየቅሽኝም። እኔም ያንን ኮፍያ እያየሁ መቶ ሺህ ዓመት አልኩ። ሁለት የተማሩ ልጆች አሏቸው።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው። ጮኼባቸዋለሁ፣ አልደብቅሽም። «ስድሳ ሁለት ሰው ሥራ ፈቶ!»

«መጀመሪያ ራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም» አሉ። «ዳስሼው ሳበቃ ግን አወቅኩት። ከዚያ ያ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ገጽ! ስለ እግሬ ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው አለ? ያጣሁትን ሁሉም አይቷል፤ የነበረኝን ግን ማን ጽፎልኝ ያውቃል?» መሮውን ገለበጡና «ከኋላው ብሆን እለየዋለሁ ትላለች። ከኋላዬ ሆና አታውቅም እኮ። ትምህርት ቤት ስሸኛት አሥር እርምጃ ቀድማኝ ነበር የምትሄደው» አሉ። ወቀሳ አይመስልም፣ እትዬ። ዝናብ ነበር እንደሚል ሰው ነው ያሉት። አውቀው ኖረዋል።

ከዚያ እንዲህ ብለህ ጻፍላት አሉኝ፤ ቃል በቃል እነሆ፦ «በሩ ላይ ስሟ ተቀርጿል አይደል? ካባው ተከፍቶ እግሬም እዚያው መቅረት ከቻለ ይቅር። መቶ ሺህ ዓመት ቢባል እኔን ምን ይጎዳኛል? እኔ አልናገር፣ አንተ አትናገር።»

የዝምታን ነገር አላወቁም፤ እሱማ ዝም በማለት ከሁላችንም ይሻላል። እኔ ምን አድርጊ አልልሽም። ግን ካባው የተዘጋው አጥንቱ አሮጌ ነው ስለተባለ ነው፣ አሮጌ እስከተባለ ድረስ አይከፈትም። ይህንን ለሳቸው ልነግራቸው አፌ አልታዘዘልኝም። ጠዋት ክሩ ጋ ሄጄ ሰዎቹን ማየት አቅቶኝ በጓሮ ዞሬያለሁ።

ጠጠር


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለተወደዱ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጠጠር ያነብልዎታል። ጠጠር፣ እያነበብክ ያንተን አስተያየት እንዳትጨምር።

አባባ፣ ጤናዎን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። የግማሹን አውቃለሁ።

ሬዲዮ የሰማ ሰው ነግሮዎት ይሆናል። ሬዲዮው ግማሹን ነው ያለው። ለዳይሬክተሩ የነገርኩት ከምረቃው ሦስት ቀን አስቀድሜ ነው። ብዙ አሰበና «መቶ ሺህ ዓመት የጠበቀ አጥንት ምረቃው እስኪያልፍ ይጠብቃል» አለኝ። መቶ ሺህ አይደለም እያልኩዎ ነው አልኩት። «እሱንም ከምረቃው በኋላ» አለ። ከዚያ ወጥቼ ለቅርስ ቢሮው በቀጥታ ጻፍኩ፤ ተሳስቻለሁ፣ አጥንቱ የሠላሳ ሰባት ዓመት ነው፣ ካባው ይከፈት፣ ባለቤቱንም አውቀዋለሁ ብዬ። እንዴት አወቅሽ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ስለገመትኩ «አባቴ ናቸው» ብዬ ከሥር ጨመርኩበት። ዝምታ የምንለው ባልደረባዬ ያልጠየቅኩትን ምስክርነት ፈረመ። «ሸቷል» ብሎ ነው የጻፈው፣ ሌላ ቃል የለበትም።

ምረቃው አልቀረም። እንግዶቹ ሪባኑን ቆርጠው ገቡና ባዶውን መስታወት ሳጥን ጎበኙ። መብራቱን አደነቁ።

እኔ ወደ ምድር ቤት ተዛውሬያለሁ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ክፍል ነው። በሩ ላይ ስም የለም። ቀንድ አውጣ ባለቤቱን የሚደብቅ ነገር የለውም፣ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እንስማማለን። አይዘኑልኝ። «እኔ አልናገር፣ አንተ አትናገር» ያሉትን ሳነብ ያዘንኩት ይበቃል። ስሜ በርስዎ እግር ላይ እንዲቆም ፈቀዱልኝ፤ እኔ አጠገብዎ መቆም አፍሬ ነው ያደግኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቼ የእንጨቱን ድምፅ እንዳይሰሙ ነው የምቀድምዎት የነበረው። አሁንም ይሰማኛል፣ ኮቴው። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ አነሰኝ፣ ሌላ ደግሞ አላውቅም።

አሁን የመንግሥት ነገር። አንድ ዕቃ አንዴ መዝገብ ከገባ ባለቤቱ ፈርሞ ካልጠየቀ አይወጣም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦ ስለማያውቅ መዝገብ ቤቱ ለጠፋ ጃንጥላ የሚያገለግለውን ቅጽ ሰጥቶኛል። አብሬ ልኬዋለሁ። ይሙሉልኝ። ሲመለስልኝ እግርዎን ይዤ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቀንድ አውጣዎቹ አልተቃወሙም።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለእትዬ፣

ክሩ ሰኞ ተነሣ። ማሽኑ ሲነሣ ሰዎቹ አላጨበጨቡም፣ ዝም ብለው ወደየቦታቸው ሄዱ። ወዲያው መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሰልፍ ሆነ። እኔ እንደገና አለቃ ሆኛለሁ፤ ጨው ላምጣ የሚሉኝም ተመልሰዋል። ቀልደኛው ሰላም በላት ብሎሻል፤ ዕድሜውን ለማስላት ግን እንዳትቸኩዪ ይለምንሻል።

አባባ ሥራ መልቀቃቸውን በይፋ ነገሩኝ። በተቀጠሩ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው፣ መሮ መሳያቸውን በእጄ አስረክበው። «የለቀቀ ሰው የራሱን ይወስዳል» አሉ። ደብዳቤሽን ሳነብላቸው አስተያየት አልጨመርኩም፤ መጨረሻ ላይ ድምፄ ትንሽ ጨመረ እንጂ። «ኮቴው» የሚለው ጋ እጃቸውን አላነሡም። ሦስቱን ገጽ ጠይቀውኝ ተቀብለውኛል፤ ያሉት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ማንም አይነካውም።

ቅጹን እኔ ልሙላልዎ ብል እምቢ አሉኝ። ዓይናቸው ደቃቅ ጽሑፍ ስለማያይ ድንጋይ የምናመለክትበትን ቀይ ጠመኔ ይዘው ራሳቸው ጻፉበት። ከመስመር ወጥቷል። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ አክስቱ ቤት የሚያድር ሰው እልክበታለሁ። እነሆ፦

የዕቃው ዓይነት፦ እግር። ግራ።

ዕቃው የጠፋበት ጊዜ፦ ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጄ ቆጥራለች፣ ትንሽ አብዝታ።

ከዕቃው ጋር ያለዎት ግንኙነት፦ ቆሜበት ነበር።

ዕቃው ሲጠፋ የነበረበት ሁኔታ፦ ቁጭ ብሎ አልኖረም።

ዕቃውን የሚረከበው ሰው፦ እኔ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ እስከ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ጎን ለጎን እንሄዳለን፤ ግራውን እሷ ትያዝልኝ።